ብርድ እንዳይመታት

«አሁን እኮ ነው እናንተው ያጠጣችኋት!» አለች ውባንቺ ከወንበሩ ብድግ ብላ። «አንድ ብርጭቆ ሙሉ ስኳር አጠጥታችሁ ስታበቁ ስኳር አለባት ትሉኛላችሁ?»

ሲስተር ኣብርሀት የምርመራውን ወረቀት ወደ እሷ አዞረችው።

«ይቀመጡ፣ እናት። ይኼኛው ደም ጠዋት፣ ምንም ሳትጠጣ በባዶ ሆዷ የተቀዳ ነው። እሱም ከፍ ብሏል።»

ውባንቺ ተቀመጠች። ቁጥሩን አየችው እንጂ አላነበበችውም። የታያት የአክስቷ እግር ነበር፣ በስኳር ምክንያት ከጉልበቱ በታች የተቆረጠው። ልጇ ሀይሚ የሰባት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሦስት ጊዜ የተወጋው ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«እግሯን ነው ወይስ ልጁን ነው የምናጣው? አይደብቁኝ።»

«እማዬ!»

«ማንንም አታጡም» አለች ሲስተሯ። «በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ስኳር ነው። አብዛኞቹን ሲወልዱ ይለቃቸዋል። ችላ ከተባለ ግን ልጁ ከመጠን በላይ ይገዝፋል፣ ምጡም ይከብዳል። ምግቧን እናስተካክላለን፣ በእግሯ ትሄዳለች፣ በየሳምንቱ እናያታለን።» ወደ ሀይሚ ዞረች። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ገርጂ፣ የእማዬ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ይኸው ጥር ስለሆነ ሙሽራው ሁሉ ፀጉሬን በኬራቲን አለስልሱልኝ ነው የሚለው።»

«ያ ዓይን የሚያቃጥለው?»

«አዎ፣ ፀጉሩን በፒያስትራ ስንተኩሰው ይጨሳል።» ሀይሚ ሳቀች። «ሙሽራዋ ሰርጓ ሳይደርስ እኛ ጋ አልቅሳ ትጨርሳለች።»

«ቤቱ መስኮት አለው?»

ሀይሚ እናቷን ሳታይ መለሰች። «አለው። ግን አይከፈትም።»

«ይከፈታል» አለች ውባንቺ ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያሸግሁት።»

ሲስተሯ መጻፏን አቆመች።

«ማርገዟን የነገረችኝ ለት ነው። ነሐሴ ነበር፣ ዝናቡም ከባድ ነበር። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ዳር ዳሩን በፕላስተር፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈንኩት።»

ወቀሳውን አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«የእኔም እናት እኔ ከወለድኩ በኋላ በበሩ ሥር እንኳ ፎጣ ትሰካ ነበር» አለች ሲስተር ኣብርሀት። «ስኳሩ በዚህ ነው የመጣው ልልዎ አልችልም፣ እናት። ክብደትም አለ፣ ዘርም አለ። አንዳንድ ጥናቶች እንዲህ ዓይነት ኬሚካሎች ሳያግዙት አይቀሩም ይላሉ፤ እርግጡ ግን ገና አልታወቀም። ይሁንና ጭሱ ለእሷም ለጽንሱም አይበጅም። ትራቀው።»

እርግጡ አለመታወቁ ነበር ውባንቺን ይበልጥ ያስፈራት። የታወቀ ነገር ቢሆን መጨረሻውን ታየው ነበር። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ከነሐሴ ጀምራ ወራቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለቻት ሀይሚ።

«ምንም።»

«አልሞትኩም እኮ፣ እማዬ። ለስላሳና ኬክ ተከለከልኩ እንጂ።»

ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ ውባንቺ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፕላስተሩን ልጣ መስኮቱን በረገደችው። የመንገዱ አቧራና የሚኒባስ ረዳቶቹ ጥሪ አንድ ላይ ገቡ። የኬሚካሉ ሽታ ግን አልወጣም። መጋረጃው ውስጥ፣ ፎጣዎቹ ውስጥ፣ የወንበሮቹ ስፖንጅ ውስጥ ነበር። የአንገት ልብሷን አሸተተችው፤ እሱም ላይ አለ። እስከዛሬ የሥራ ሽታ እያለች ታልፈው ነበር።

ሀይሚ ሽርጧን ከመስቀያው አነሳች። «ሰብሊና ሚዜዎቿ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። መስኮቱ ከተከፈተ፣ እኔም ማስክ ካደረግሁ…»

«አስቀምጪው።»

«ታዲያ ማን ሊሠራቸው ነው? ስድስት ናቸው! አንቺ ከሹሩባ ሌላ አታውቂም።»

ስልኩ ጠራ። ሙሽራዋ ሰብሊ ነበረች።

«መብራት የለም በያት» አለች ሀይሚ በሹክሹክታ። «የስኳሩን ነገር ደግሞ እንዳታነሺ። ሰፈሩ ሁሉ እኔን ሲያማ ይከርማል፣ ደንበኛም ይሸሸናል።»

ውባንቺ ለመሸሻቸው ጥርጥር አልነበራትም። ባዶ ወንበሮቹ፣ የተዘጋው በር ከወዲሁ ታይተዋታል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«እትዬ ውባንቺ፣ መብራት አለ አይደል? እዚህ ሃያ ሁለት ሰፈር ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ሰጋሁ። ልንነሳ ነው።»

የለም ብትላት ሰብሊ ነገ ትመጣለች። ነገም ሀይሚ ሽርጧን ታነሳለች።

«መብራትማ አለ፣ የኔ ልጅ» አለች ውባንቺ። ሀይሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኬራቲን ግን ትተናል። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስኳር ተገኝቶባታል፤ ጭሱ አይሆናትም። ሹሩባ ከፈለጋችሁ እኔ እሠራችኋለሁ።»

ከሰብሊ ኋላ የሚዜዎቿ ሳቅ ይሰማል።

«ሹሩባ? ለቬሎ?»

«እኔ የማውቀው እሱን ነው።»

«ውይ፣ እትዬ ውባንቺ… በቃ፣ ሌላ ቦታ እንሞክር። ለሀይሚ እግዜር ይማርሽ በይልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሀይሚ ሽርጧን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ለሁሉም ትነግራለች» አለች።

ውባንቺ የቀጠሮ ደብተሩን ገለጠች። ለነገ የተመዘገበችው ሌላ ሙሽራ ነበረች። እስክትደውልላት አልጠበቀችም፤ ቁጥሩን እያየች መጫን ጀመረች።