የተዘለለችው ቃል

ካዩኝም ይዩኝ፣ ፊቴ እንደሆነ ገና ከበሩ ጀምሮ እሳት መስሏል፣ ግን ዛሬ እሰማዋለሁ፣ የራሴ ጽሑፍ በችሎት ሲነበብ በገዛ ጆሮዬ እሰማዋለሁ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም፣ ብራናው ታሽጎ ይሄዳል፣ እኔ ቀለም የነካ ጣቴን በኮምጣጤ አሽቼ እራት አቀርባለሁ። ማንም አያውቅም። ማለት አባቴ ያውቃል። የለንደን ሰው ግን የአባቴ የአምብሮስ ሊድጌት እጅ እያደር አማረ ይላል፣ ሽማግሌው ሲያረጅ ጽሑፉ ጎረመሰ ይላሉ፣ እኔ ይህን ስሰማ አንገቴን ደፍቼ ደስታዬን እውጣለሁ፣ አባቴ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የራሱን ሳህን እንኳ ዳብሶ ነው የሚያገኘው፣ ሴት ልጅ የንጉሡን ምሕረት በብራና ትጽፋለች ቢባል ማን ሥራ ያመጣልናል፣ ስለዚህ እሱ ከፊት ቁጭ ብሎ፣ የሚያይ መስሎ፣ ደንበኛ ያነጋግራል፣ እኔ ከጓዳ እጽፋለሁ፣ ወንድ ልጅ ቢወልድ ሊያስተምረው ያሰበውን ላቲን ሁሉ እኔ ላይ አፍስሶታል፣ ልጄ፣ ይለኛል፣ ዓይኔም እጄም አንቺ ነሽ፣ ዝም በይ ብቻ። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ።

ዶርካስ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች፣ ዶርካስ ፔል፣ የጆናስ ሚስት፣ ጆናስ ያውና፣ ከእስረኞቹ ሦስተኛው፣ ቀጭኑ፣ መስታወት ገጣሚ ነው፣ የአንዱን ወርቅ አንጥረኛ መስኮት በቀን ገጠመለት፣ ሲመሽ ነቀለው፣ ሁለት የብር ዋንጫ ይዞ ሲወጣ ተያዘ፣ እኔ ልንገርሽ እመት ቶማዚን፣ ትለኛለች ዶርካስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ ባሌ መስኮት ማስገባት እንጂ በመስኮት መግባት አይችልበትም፣ ቂጡ ተቀርቅሮ እኮ ነው የተያዘ! ከኋላችን ያሉት ይስቃሉ፣ እኔ ያንን ቃል በልቤ ስደግመው እንኳ አፍራለሁ፣ ግን ሳቄ መጣ፣ ዛሬ ሁሉም ያስቀኛል፣ መሬቱ ላይ የተበተነው ቅጠል፣ የዳኛው ትልቅ አፍንጫ፣ ዶርካስ በሽርጧ ያቀፈችው ጓንት፣ ምሕረት ያገኘ ሰው ተንበርክኮ ብራናውን ካስነበበ በኋላ ለችሎቱ ሰዎች ጓንት ይሰጣል፣ ወጉ ነው፣ ስምንት ጥንድ አሉኝ፣ ትላለች፣ ስንት እጅ ቢኖራቸው ነው፣ ሸረሪት ናቸው እንዴ?

እሷ የምታውቀው አባቴ እንደጻፈው ነው። ከአባትሽ እጅ ወርቅ ይፍሰስ፣ አለችኝ ዛሬ ጠዋት። አሜን አልኩ።

ጆናስ ማንበብ ያውቃል፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ሌላ ሌባ ማንበብ ከቻለ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጥቅስ አንብቦ፣ ከስቅላት ተርፎ፣ አውራ ጣቱን በብረት ተተኩሶ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሌሊት ቤት ሰብሮ የገባን ግን ፊደል አያድነውም፣ ሌሊት ማለት ደግሞ በፀሐይ ብርሃን የሰው ፊት የማይለይበት ሰዓት ነው ይላል ሕጉ፣ እሱን የሚያድነው ንጉሡ ብቻ ነው፣ ንጉሡም ይቅር አሉት፣ ፈረሙ፣ ትእዛዛቸው ወደ እኛ ቤት መጣ፣ በብራና ገልብጬ ያሳመርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ! ሕይወቱን በላባ ጻፍኩለት፣ አያውቀኝም፣ እኔም ከዛሬ በፊት አይቼው አላውቅም።

ተነሡ። ማለት እስረኞቹ ተንበረከኩ። የችሎቱ ጸሐፊ ብራናውን ዘረጋ፣ አየሁት፣ ከዚህ ሆኜ አየሁት፣ ያ የመጀመሪያው ትልቁ ፊደል፣ ጭራው እስከ ጠርዙ የሚወርደው፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ጸሐፊው ራሱ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው፣ የሊድጌት ሥራ ነው ጌታዬ፣ አለ ለዳኛው፣ እንዲህ ያለ እጅ በከተማው የለም። ኦ። የኔን እጅ እኮ ነው! እንደሱ ያለ እጅ የለም አለ፣ እጄን ከሻርፔ ሥር ደበቅኩት፣ ሰው የሚያየው መስሎኝ።

ያነባል። በላቲን ነው፣ ዶርካስ ወደ እኔ ዞራ ታፈጣለች፣ እኔ እያንዳንዱን ቃል ከአፉ ቀድሜ አውቀዋለሁ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ፣ አዎ፣ ለሚያዩት ሁሉ፣ አዎ፣ የመጀመሪያው እስረኛ ስም አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ እያንዳንዳቸው ላይ ያቺ ቃል ጥርት ብላ ትወጣለች፣ ቡርግላሪተር፣ በሌሊት ሰብሮ መግባት ማለት ነው፣ ሌላ ቃል አይተካትም፣ ያለእሷ ወንጀሉ ሌላ ወንጀል፣ ምሕረቱም የሌላ ወንጀል ምሕረት ይሆናል፣ አሁን የጆናስ ነው፣ የጆናስን የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ፣ ቆይ፣ ማክሰኞ ዶርካስ መጣች፣ በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ እመት ቶማዚን፣ አባትሽ አሉ? ላባውን ከሽርጤ ሥር ሸጎጥኩ፣ በብራናው ላይ ጨርቅ ጣልኩበት፣ ልብሴን እየሰፋሁ ነው አልኳት፣ ሽርጤ ቀለም እየጠጣ፣ ስትሄድ ተመለስኩ፣ ቤት የሚለው ላይ ደርሼ ነበር፣ ቤት፣ ግን የትኛው ቤት? ትእዛዙ የአንጥረኛውን ቤት በሌሊት ሰብሮ በመግባት ከዚያው ቤት ሁለት የብር ዋንጫ በመስረቅ ነው የሚለው፣ ሁለት ቤት አለ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ ዓይኔ የትኛው ላይ ነው ያረፈው?

አላረፈም። ታችኛው ላይ አላረፈም በሉኝ።

...ቤት፣ ሁለት የብር ዋንጫ፣ አለ ጸሐፊው።

ሁለት የብር ዋንጫ።

ዋንጫ አለ አይደል? ዶርካስ ናት፣ ዋንጫ የምትለዋን እኔም አወቅኋት! ይቅር አለው አይደል? ንገሪኝ እንጂ፣ ምነው ነጣሽ? እየሳቀች ነው፣ ጓንቶቹን እያስተካከለች ነው፣ ጸሐፊው ግን ቆሟል፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት መጣ፣ የዳኛው ጆሮ ጋ ጎንበስ አለ፣ የዳኛው ቅንድብ ተነሣ፣ አሁን ሁሉም ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይናገራል፣ ይህ ሰው የተፈረደበት በሌሊት ቤት ሰብሮ በመግባት ነው፣ ይህ ብራና የሚለው ስርቆት ብቻ ነው፣ ንጉሡ ያልተነገራቸውን ወንጀል ይቅር አላሉም፣ ምሕረቱ አይጸናም፣ መልሱት፣ ዓርብ ምሕረት ካላገኙት ጋር ወደ መሰቀያው ይወጣል።

ዓርብ። ነገ አይደለም፣ ከነገ ወዲያ።

ጆናስ እንደተንበረከከ ነው፣ አልገባውም፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ አንዱ ከኋላ ጓንቱን አንተ አጥልቀው ጆናስ፣ ሲሰቅሉህ እንዳይበርድህ! ይላል፣ ሳቅ፣ ዶርካስ አትስቅም፣ እንዴት፣ ትላለች፣ ንጉሡ ይቅር ብለውት የለ፣ እንዴት፣ ጸሐፊውም ተገርሟል፣ ምናልባት የገልባጭ ስሕተት ይሆን? አለ ዳኛው፣ ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ፣ ጌታዬ፣ ከሊድጌት ቤት የወጣ ነው፣ ሊድጌት አይሳሳትም።

ሊድጌት አይሳሳትም። ስድስት ዓመት ስውጠው የኖርኩት ሙገሳ ነው፣ ይኸው ሰውየውን ሊሰቅለው ነው። አባቴን ቢጠሩት ምን ይላል፣ አላየሁትም ማለት አይችልም፣ አየሁት ብሎ መማልም አይችልም፣ ንጉሡ የፈረሙበት ወረቀት ላይ ቃሏ እንዳለች የማውቀው እኔ፣ እዚህ የቆምኩት እኔ፣ ብናገር ሱቁ ይዘጋል፣ አባቴ መሳቂያ ይሆናል፣ ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ መቼም ማንም አያውቅም፣ ያ ሰው አንገቱ ቀጭን ነው፣ እንዴት ቀጭን ነው፣ እየጎተቱ ሊያነሡት ነው።

እኔ ነኝ።

አልተሰማም። ዶርካስ ብቻ ሰማች፣ ምን አልሽ? እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ዶርካስ፣ እኔ ነኝ የዘለልኩት። እጇ ከክንዴ ላይ ወደቀ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ አፌን ልክፈት፣ እኔ ነኝ! ጌታዬ፣ ያቆዩት፣ እኔ ነኝ!

ማነው የሚጮኸው? እኔ ነኝ የምጮኸው፣ ይህ የኔ ድምፅ ነው፣ እንዲህ ያለ ድምፅ አለኝ ለካ፣ የሰዉ አንገት ሁሉ ዞረ፣ አንቺ ማን ነሽ? የሊድጌት ልጅ ነኝ ጌታዬ፣ ብራናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንድ መስመር ዘልያለሁ፣ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ አንዷ ሂጂ ሹራብሽን ሥሪ! ትለኛለች፣ ዳኛው እጁን አነሣ፣ ምኑን ነው የዘለልሽው? ቃሏን። የትኛዋን ቃል? አሁን ዝም ብለዋል፣ ይህ ሁሉ ወንድ ዝም ብሎ የኔን አፍ ያያል፣ ደስ ይላል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ ደስ ይላል፣ ቡርግላሪተር! አልኩ፣ ጥርት አድርጌ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ፣ ንጉሡ የፈረሙበት ትእዛዝ ላይ አለች፣ አራተኛው መስመር ላይ፣ ሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ያስመጡትና ይዩት፣ ከሌለች እኔን ያሳስሩኝ።

አባትሽስ? አያይም ጌታዬ። ከመቼ ጀምሮ? ስድስት ዓመት ሆነው። ጸሐፊው እንደ ቀይ ሥር፣ አይ፣ ከኔም በላይ ቀልቷል፣ ብራናውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ብራናውን ያያል፣ ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረ፣ ትእዛዙ ከነማኅተሙ ይምጣ፣ ይህች ሴት ትማል፣ ቃሏ ከተገኘች ብራናው ይታረማል፣ ፔል ዓርብ አይወጣም።

አይወጣም! ዶርካስ ያዘችኝ፣ መታችኝ፣ አቀፈችኝ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም፣ አንቺ የተረገምሽ፣ ልትገድይብኝ ነበር እኮ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ የተረገምሽ፣ ጆናስ ከዚያ ማዶ ያየኛል፣ አሁንም አልገባውም፣ ምንም አይደለም፣ ሰዉ መንገድ ከፈተልኝ፣ ወደ ጸሐፊው እሄዳለሁ፣ ማታ ለአባቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግረው፣ በምን እንበላለን፣ አላውቅም፣ አላውቅም፣ እግሮቼ ግን እየዘለሉ ነው፣ ቀለም የበላው ጣቴን ከሻርፔ አውጥቼ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አኖርኩ፣ ማልኩ፣ ጸሐፊው አዲስ ወረቀት ሳበ፣ ስምሽ? ቶማዚን ሊድጌት። ይጽፋል፣ ስሜ በሰው እጅ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ቀስ ብዬ፣ በትሕትና፣ ጌታዬ፣ አልኩት፣ አንድ ፊደል ዘለሉ።