ጽናቷ ምሳዋን ያስቀማት ልጅ

ልብስ አጣቢዋ ለልጇ ደጋግማ የምትነግራት አንድ ነገር ነበር፦ «ገመናሽን ለባዳ አትዘርግፊ። ከጠየቁሽ ‹ደህና ነኝ› በይ።»

ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ «የጽናት መለኪያ» የሚባል ቅጽ ታደለ። «ችግር አይበግረኝም»፣ «ሆዴ ባዶ ቢሆንም እማራለሁ» ይላል፤ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱን አክብቡ። እሷም የእናቷን ቃል አክብራ ከላይ እስከ ታች አምስት፣ አምስት፣ አምስት! የነጋዴው ልጅ ግን ቅጹ ሰለቸውና አንድን እንደ አጥር እንጨት ደርድሮ ተኛ።

በሳምንቱ ውጤት ተለጠፈ። የአጣቢዋ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ጽኑ! ርዕሰ መምህሯ በሰልፍ ላይ አስጨበጨበችላት። ምስጋና ግን እንደ ወንዝ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል። ምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቱ በነጻ ለሚያበላው ምሳ ሳህኗን ይዛ ብትሰለፍ ምግብ አብሳይዋ የተመጋቢዎቹን ዝርዝር አገላብጣ ጭልፋዋን መለሰች።

«ስምሽ የለም የኔ ልጅ።»

«ትናንት ነበረ እኮ፣ እማማ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ምሳው በቅጹ ደካማ ለወጡት ብቻ ነው ተብሏል። አንቺ በርትተሻል አሉ።»

የነጋዴው ልጅ ከኋላዋ ሳህኑን ዘረጋ። «ዞር በያ፣ ብረቷ! ብረት ምሳ አይበላም፤ ዘይት ተቀቢና ሂጂ።» ሩዙን ሁለቴ ጎርሶ ተወው።

ልጆቼ፣ ልጅቱን ትምህርት ቤት የምታውላት ያቺው አንድ ጭልፋ ሩዝ ነበረች። ቤት ውስጥ ከማታ በፊት ድስት አይጣድም። በአራተኛው ቀን ሰሌዳው ሲዞርባት ወደ አማካሪው መምህር ሄደች።

«ቲቸር፣ ቅጹን እንደገና ልሙላ።»

«በዓመት አንዴ ነው። ደግሞ በዚህ ውጤት ይታዘናል?»

«እንግዲያው ጽናቱን ይውሰዱትና ምሳዬን ይመልሱልኝ።»

«አየሽ፣ ይሄ ራሱ ጽናት ነው!» አለና በደስታ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ዓርብ ዕለት ቅጹን ያሠሩት እንግዶች መጡ። ርዕሰ መምህሯ ልጅቱን መድረክ ላይ አውጥታ፣ «በይ፣ የጽናትሽን ምስጢር ንገሪያቸው» አለቻት።

የእናቷ «ደህና ነኝ በይ» ትዝ አላት። ለዛሬ ወደ ጎን ተወችውና ማይኩን ያዘች።

«ምስጢሩ ምሳ ነበር። አንደኛ ስወጣ ከለከሉኝ። ከሰኞ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ልብስ አጠባ እገባለሁ፤ እዚያ ቢያንስ ያበሉናል።»

እንግዶቹ ያጨብጭቡ ይዘኑ ጠፍቷቸው የውሃ ጠርሙሳቸውን ያዩ ጀመር። አማካሪው ማስታወሻውን ቀስ ብሎ ከደነ። ርዕሰ መምህሯ ብቻ፣ ከልምድ ይሁን ከድንጋጤ፣ አጨበጨበች።

ሰኞ ስሟ ዝርዝሩ ላይ ተመልሶ ተገኘ። ከጎኑ ግን «ጽናቷ በድንገት ስለወደቀ» ተብሎ ተጽፎበታል። አብሳይዋ አንብባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ይሳቁ፣ እማማ፣ ይሳቁ» አለች ልጅቱ ሳህኗን አስጠግታ፤ «ጭልፋውን ግን ሞላ ያድርጉት።»