ሦስተኛው ልመና

ማናልበሽ ከትምህርት ቤት እንድትወጣ የተወሰነው እኔ ሳልሰማ ነው። ብሰማ ኖሮ አይወሰንም ነበር። አጎቴ ባዳሳ ከሮቤ በጭነት መኪና ሾፌር አፍ መልእክት ላኩ፦ ልጄን ቅዳሜ መልሱልኝ፤ እሑድ ከአጋርፋ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ትምህርቱ አልሆናትም፣ ባል ይሻላታል። ጊዜው 1953 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንቱ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሁለት ወር አልቀረውም።

ማናልበሽ የአጎቴ ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ። ከመስከረም ጀምሮ አባቷ ጎባ፣ እህታቸው ሽቶ ዘንድ አስቀምጠው ያስተምሯታል። በሒሳብ ወንዶቹን የምታስለቅስ ልጅ ነበረች። ከየካቲት ወዲህ ግን አንደበቷ ታሰረ። ሌሊት ሳትተኛ ታነጋለች፣ ቀን ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ከሰው ሸሽታ በር ጀርባ ትቀመጣለች፤ ሲጠሯት በእንባ ትመልሳለች።

ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ለእያንዳንዱም አንድ አንድ። አክስቴ ሽቶ ዓይን ነው አለች። አስተማሪው ስንፍና ነው አለ። አባቷ ዕድሜዋ ነው አሉ። እኔም አልቀረሁም፤ ቅምጥል ብያታለሁ። ያን ቃል ዛሬም አፌ ውስጥ ይመረኛል።

የምሠራው ጎባ፣ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ፋሻ አጥባለሁ፣ አንሶላ እቀቅላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከግድግዳችን ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ግማሹ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ገልብጬም አነባለሁ። ጥር ላይ ማናልበሽን ተስቦ ሲይዛት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ቅማሉ እንዲጠፋ ጸጉሯን ላጨኋት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሰው ግን አልለቀቃትም። በአንድ ዴስክ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ይተላለፋል ብላ ቦታ ቀየረች። ወንዶቹ ሻሿን እያዩ ምልምል ወታደር አሏት፤ ሰልፍ ላይ ስትደርስ «ቀኝ ዙር» ይሏታል።

መልእክቱ በመጣ ማግስት፣ ሐሙስ፣ ለምሳ ሽቶ ቤት ሄድኩ። ሽቶ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ትሸጣለች፤ ለምሳ የምትቀመጠው እሳት ልትጭር የመጣች ያህል ነው። የገብስ ቂጣ በጎመን ቀረበ። ማናልበሽ ሁለት ጉርሻ ጎረሰች። ሽቶ «ብዪ እንጂ» አለቻት። «በቃኝ» አለች። ሽቶ ሳህኑን አነሣች። የልጅቷ ዓይን ሳህኑን እስከ ጓዳ ሸኘው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሮቤ፣ አጎቴ ቤት የበላ ያውቃል። እዚያ መጀመሪያ ሲሉህ ትግደረደራለህ፤ ሁለተኛም ትግደረደራለህ፤ ሦስተኛ በኦሮምኛ «ኛዱ»፣ ብላ በሞቴ ሲባል ነው እጅ የሚዘረጋው። ቶሎ እሺ ያለች ሴት ልጅ እናቷን ታሰድባለች። ሽቶ ግን ጎባ ሃያ ዓመት ኖራለች። እሷ ዘንድ በቃኝ ያለ ሰው በቅቶታል።

ጓሮ ወስጄ ጠየቅኳት። «ጠግበሽ ከበላሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሮቤ፣ ቤት ሳለሁ» አለች። ቤት የሄደችው ለገና ነበር፤ ለፋሲካ መንገዱ ያደክማታል ተብላ ቀርታለች።

«ለምን ጨምሪልኝ አትያትም?»

«አትለምነኝም እኮ፣ እትዬ ዳቢሴ። አንዴ ትልና ታነሣዋለች። በሽታዬን ፈርታ የጠላችኝ መሰለኝ።»

የክሊኒኩን የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩን፣ ስጠይቀው፣ ከተስቦ የተነሣ ሰው እንደ አራስ ካልተቀለበ ጉልበቱም፣ እንቅልፉም፣ ልቡም አይመለስም አለኝ። ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል። የማናልበሽ ግን መደራረብ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ አንዱን ይቀልብ ነበር። ስለራባት አትተኛም፤ ስላልተኛች ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ስታንቀላፋ ትሰደባለች፤ ስትሰደብ ሰው ትፈራለች፤ የፈራችው ሰው ማዕድ ላይ ደግሞ «በቃኝ» ትላለች።

ቅዳሜ ራሴ ይዣት ሮቤ ወረድኩ። ሁሉንም ለአጎቴ ነገርኳቸው። ከሁሉ ያስቆጣቸው ረሃቡ ነው።

«የኔ ልጅ ነች የተራበችው? በየአሥራ አምስት ቀኑ ስልቻ ሙሉ ገብስ እየላክሁ?»

«ገብሱ ሽቶ ቤት ደርሷል፣ አጎቴ። የልጅዎ ሆድ ነው ያልደረሰው።»

«ይኼንንም ከግድግዳ ነው ያነበብሽው?»

«ተገልብጦ ከተለጠፈው።»

ነገ እንግዳ አለብኝ፣ ምላስሽን ሰብስቢ ብለው ወጡ። እኔም ማናልበሽን ለብቻዋ ይዤ፣ ልናገርልሽ እችላለሁ፣ ልበላልሽ ግን አልችልም አልኳት። ነገ ማንም ሳይለምንሽ፣ አባትሽ ፊት ጨምሪልኝ በዪ አልኳት። ሽማግሌ ፊት እንዴት ብዬ፣ እሞታለሁ አለች። ባልሽ ይቀራል እንጂ አትሞቺም አልኳት። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ዋናው አቶ ኢዶሳ ይባላሉ። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ቀረበ። እንግዶቹ እየተግደረደሩ፣ አጎቴ እየለመኑ፣ ወጉ ሁሉ በሥርዓቱ ይሄድ ነበር። ማናልበሽ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ የተሰጣትን ጨረሰች። ባዶውን ጣባ አየች። አባቷን አየች። ጣባውን ይዛ እጇን ዘረጋች።

«እማዬ፣ ጨምሪልኝ።»

እናቷ በቆመችበት ደረቀች። አቶ ኢዶሳ ጺማቸውን ጠረጉና እየሳቁ «ይቺን ለመቀለብ ስንት ጥማድ በሬ ይበቃል?» አሉ።

የአጎቴ ፊት ጠቆረ። ሊቆጡ መሰለኝ፤ እኔም ልመልስ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን የተዘረጋውን እጇን እያዩ ነበር። ነጠላዋ ሸሽቶ የእጇ አንጓ ወጥቶ ነበር፤ አጥንት ብቻ። ገብስ የሚልክ አባት ያየውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ብድግ ብለው ከራሳቸው ጣባ ወደ ልጃቸው ጣባ ገለበጡ።

«በሬ አላት» አሉ፣ ወደ አቶ ኢዶሳ ሳይዞሩ። «የአባቷ በሬ።»

ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ አውርተው፣ የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሡ ሄዱ። አጎቴ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የሰኞው መኪና በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

በጧት ነው አልኳቸው። ጸጉሯ ገና ጣት አይሞላም፤ እንቅልፏም በአንድ ጣባ ጩኮ አይመለስም፤ «ቀኝ ዙር» የሚሉትም አሉ። እነሱን ለኔ ተዉልኝ።

«ለሽቶ ንገሪያት» አሉ አጎቴ። «ሦስት ጊዜ ትለምናት።»

ማናልበሽ ከጓዳ፣ አፏ ሙሉ ሳለ፣ መለሰች።

«አንዴ ይበቃል፣ አባባ።»