የበረባሶ ዱካ

እታገኝ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ጉረኖውን ጠርጋ በጎቹን አስወጣች፤ ውሃ ቀዳች፤ ቆሎ ቆላች። ባሏ በዕውቀቱ ማልዶ እርሻ የወጣ መስሏት ቁርሱን ይዛ ብትሄድ ማሳው ላይ ሰው የለም። ስትመለስ ጎረቤቷ ጥሩሸዋ ከአጥሯ ማዶ ሆና፣ «አንቺ፣ ባልሽ ጎሕ ሲቀድ ወደ ወንጪት ወንዝ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ምን አጣላችሁ?» አለቻት።

እታገኝ የያዘችውን ቁርስ መሬት አስቀመጠች። ትናንት ማታ፣ «ሰባት ዓመት ካንተ ልጅ ስጠብቅ አረጀሁ» ብላው ነበር። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ወንዙን ተሻግሮ ዓለም ከተማ ከገባ መኪና ይሳፈራል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያገኘዋል? የበግ ጠጉር ባናዋን እንደለበሰች ተከተለችው።

ቁልቁለቱን ስትጨርስ የቆላው ወላፈን ፊቷን ገረፋት። ሚያዝያ ነውና ወንጪት ቀጥኗል። አሸዋው ላይ ዱካውን አገኘችው። የበዕውቀቱን በረባሶ ከሺህ መሃል ትለየዋለች፤ የግራው ተረከዝ ሲያልቅ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ጫማ ሰፊ ከሌላ ጎማ ቆርጦ ስለመታበት መስመሩ አግድም ነው።

ዱካው ግን ወንዙን ከተሻገረ በኋላ አቀበቱን አልወጣም። ዳር ዳሩን ይወርዳል፤ ይመለሳል። ኩርኩራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ተነሥቷል። እንደገና ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች።

«ምን ነካው ይኼ ሰው?»

ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ወደ እሷ የዞረ እግር ባየች ቁጥር ልቧ ይነሣል፤ ሊመለስ አስቦ ነው፣ አፍሮ ነው። ዱካው መልሶ ቁልቁል ሲል ግራ ይገባታል። ፀሐይዋ አናቷ ላይ ቆማ ወንዙ በየት በኩል እንደሚወርድ እንኳ ጠፋባት። በመጨረሻ ከዱካው ጋር ታወራ ጀመር። «አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለም። ና በቃ።»

አንድ ቋጥኝ ስትዞር በረባሶውን አየችው። ያጠለቀው ሰው ግን በዕውቀቱ አልነበረም።

«እቴ፣ አህያ አላየሽም? ቡላ፣ ጆሮዋ የተቆረጠ።»

«ጫማው የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! እግሬ ላይ አይደል?»

«ከማን ነጠቅኸው?»

«ወይ ከድር! አህያህ ጠፍታ ደግሞ ሌባ ተባልህ?» ብሎ በራሱ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። «ጠዋት መሻገሪያው ላይ አንድ የመንዝ ሰው በላስቲክ ኮንጎዬ ለወጠኝ። በበረባሶ ከተማ አልገባም አለ። እኔም ለዚህ ድንጋይ ይሻለኛል ብዬ ነው። ወንድምሽ ነው?»

«ባሌ ነው። መቼ እንደሚመለስ ነግሮሃል?»

ከድር አቀረቀረ። «እሱንስ አላለኝም።»

አህያ ፍለጋ ሲመላለስ የዋለው ከድር ነው። ኩርኩራው ሥር የተቀመጠውም፣ ወደ እሷ የዞረውም።

እታገኝ ወደ መሻገሪያው ተመለሰች። ኮንጎ የማያደርግ ወንድ የለም፤ የኮንጎ ዱካ ሞልቷል። ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ወርደው እሱንም ረግጠውታል። ከመሻገሪያው ወዲያ የበዕውቀቱ ዱካ የለም።