ስብ የሌለበት ሰው

«አባቷን እንደ አሳማ ልታስበልተው ነው አሉ» አለች አንዷ ሴትዮ የዳቦውን ጠርዝ በቢላ እየከረከመች።

«ፌስተስን? ምኑን ይበልቱታል? አጥንት ብቻ ነበር እኮ።»

«የኮሌጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ። አጥንቱም ይበቃቸዋል።»

ደርቭላ ያገለገሉ ኩባያዎች የሞሉበትን ትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ዘወር ብለው አዩዋት እንጂ አላፈሩም። «ነፍስ ይማር የኔ ልጅ። ከመጣሽ ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፣ እንኪ ብይ» አለቻት ባለቢላዋ፣ የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች እየዘረጋችላት። እኛ ሰፈር እንዲህ ነው፤ ሰውን ከጀርባው ያሙታል፣ ፊቱን ሲያዞር ያጎርሱታል። ደርቭላ ትሪውን ማጠቢያው ውስጥ ዘጭ አድርጋ ወጣች።

አባቷ ፌስተስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብሎ ነው የሞተው። አሁን ሳሎን ውስጥ ክዳኑ በተከፈተ ሣጥን ተጋድሟል። በእኛ በምዕራብ አየርላንድ ሟች ከመሸኘቱ በፊት ቤቱ ያድራል፣ ለደቂቃም ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት እየገባ ይሰናበተዋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የቆየ ቂም ያነሳል። የፌስተስ ለቅሶ ግን መቃብር የለውም። ሰውዬው በቁሙ ሳለ፣ ስሞት ሬሳዬን ለሕክምና ተማሪዎች ስጡልኝ ብሎ ፈርሟል፤ ያውም ልጁ አናቶሚ ተምራ ለወደቀችበት ኮሌጅ።

ኮሌጁ የሰፈሩን ልማድ አክብሮ አንድ ሌሊት ቤቱ ይደር ብሏል። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ፣ ሬሳው እንዳይበላሽ ተብሎም ምንም መድኃኒት እንዳይገባበት። መድኃኒት የገባበትን አይቀበሉም። ይህንኑ ለገናዡ ለቲየርኒ እንድትነግረው ደርቭላ አክስቷን አትራክታን አደራ ብላ ላከቻት። ቲየርኒም ሬሳውን አጥቦና አልብሶ መለሰው። እነሆ፣ የኅዳር ነፋስ በተከፈተው መስኮት እየገባ ለቀስተኛው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይንቀጠቀጣል፤ ለብርዱም ደርቭላን ይረግማል።

ከሰዓት በኋላ የኮሌጁ መኪና ሊወስደው ይመጣል። ደርቭላ ደውላ «ይቅርብን» ካለች ግን አይመጣም። የፌስተስ ሚስት ድሮ ሞታለች፣ ሌላ ልጅ የለውም፤ የሚሰማው የእሷ ቃል ብቻ ነው።

«ደወልሽ?» አለቻት አትራክታ፣ ሳሎን ስትገባ። የሟች ታላቅ እህት ናት፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ከሣጥኑ ራስጌ ከተቀመጠች አልተነሳችም።

«አልደወልኩም።»

«እናትሽ ኮረብታው ላይ ብቻዋን ተኝታ ስትጠብቀው ኖራለች። ምን ልትያት ነው?»

«እማዬ ሞታለች አክስቴ። የሞተ ሰው አይጠብቅም።»

«ኮሌጅ ያስተማረሽ ይሄንን ነው?»

«እሱንም ወድቄያለሁ።»

አንድ ባልና ሚስት ገብተው ሣጥኑ አጠገብ አማተቡ። «እንዴት አምሮበታል!» አለች ሴትዮዋ። ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ ይህንኑ ይላል። «በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ አምሮበት አያውቅም» አለ ባልየው። «ደግ ሰው ነበር።» የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ! ደግ የተባለው ፌስተስ ይህንኑ ባልየውን ባለፈው ዓመት አህያ ብሎ ሰድቦት፣ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ደርቭላም ልትደውል ፈልጋለች። ለአክስቷ ብላ ግን አይደለም፤ በእልህ ነው።

አምና መጀመሪያ የሬሳ ክፍል የገባች ዕለት፣ መምህሩ ሽፋኑን ገለጥ ሲያደርግ እሷ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ማታ ለአባቷ በስልክ እያለቀሰች ነገረችው። እሱ ምን አደረገ? መጠጥ ቤት ገብቶ ለሰፈሩ አወራው። «አሥራ ስምንት ሬሳ አለ ብለው ቢቆጥሩ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ አገኙት!» እያለ። ለገና ስትመጣ፣ እሱ የትምህርት ቤት አውቶብስ የሚነዳላቸው ሕፃናት ሳይቀሩ «ሬሳዋ መጣች!» ብለው ጮኹባት።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ሬሳዎቹ ተደርድረው፣ በየአካሉ ላይ ትንንሽ ባንዲራ ተሰክቶባቸዋል። ደወል ሲደወል ተማሪው ባንዲራው የተሰካበትን ስም ይጽፋል፤ ደግሞ ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። የእሷ ቡድን የተማረባት ሬሳ ሰውነቷ የደነደነ አሮጊት ነበረች። ተማሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ ስብ ሲፍቁ ነው የከረሙት፤ ሥሩም ጅማቱም አንድ ላይ ተለውሶ ይታያቸዋል። አንገቱ ጋ ስትደርስ ደርቭላ ደም ቅዳውን ደም መልስ ብላ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፋባት።

ክረምቱን ለድጋሚ ፈተና ልታጠና ቤቷ ተመለሰች። የሕፃናቱ ትምህርት ቤት ገና ሳይዘጋ፣ አንድ ቀን ፌስተስ ሸሚዙን አውልቆ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «በይ ጀምሪ። ከሬሳ እሻላለሁ፤ ቢያንስ ስትሳሳቺ እሳደባለሁ» አላት። በእስክሪብቶ ደረቱ ላይ የጎድን አጥንቶቹን እየቆጠረች ጻፈችበት፣ ጀርባውን በየጡንቻው ከፋፈለችው። እስከ አጥሩ በር አስሮጠችውና ተመልሶ ሲያለከልክ የልቡን ምት ቆጠረች። እሱም እንዳለው ተሳደበ። «የዚህን አጥንት ስም ውሻችን ያውቀዋል። ውሻው ይፈተንልሽ።» በማግስቱ አንገቱን አልታጠበም ነበርና፣ ቀለሙ ከኮሌታው በላይ እየታየ አውቶብሱን ነዳ።

ደርቭላ ድጋሚውንም ወደቀች። ዓመቱን ልትደግም ተመዘገበች። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ፌስተስ ጎረቤቱን ኮልማንን ጋብዞ፣ ሹካውን አስቀምጦ፣ «እኔም ኮሌጅሽ ልገባ ነው» አላት። «ፈርሜ መጣሁ። እኔን ያለ ፈተና ተቀብለውኛል።» ኮልማን ሳቀ። አባቷም ሳቀ። የደርቭላ ቆሽት አረረ፤ ቆሽት የት እንዳለ ለይታ ባታውቅም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። «እንኳን ሬሳህን፣ በቁምህም ላይህ አልፈልግም» አለችው። እሱ ሲደውል እሷ ሳታነሳ፣ እንደተኳረፉ ሞተ።

የኮሌጁ ሴትዮ በስልክ፣ የተማሪ ዘመድ ሲሆን ሬሳው ወደ ሌላ ከተማ ኮሌጅ እንደሚላክ ነግራታለች፤ ጠረጴዛ ላይ አታገኘውም። ቢሆንም ሰውዬው ቀልዱን ከሞተ በኋላም እንዲቀልድባት አልፈለገችም። ይቀበር፣ አርፎ ይተኛ፣ እሷም ትረፍ።

ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል ኮልማን በሩ ላይ ገጠማት። ውስኪ ውስኪ ይሸታል።

«ልታስቀሪው ነው አሉ» አላት።

«ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

«ለእኔማ ምኔ ነው። ግን ሰውዬው እዚያ ቢሮ ድረስ የሄደው በእኔ መኪና ነው። ያቺ የወደቅሽባት ሬሳ ወፍራም ነበረች አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ አባትሽ ነው እንጂ። መንገዱን ሙሉ ያንኑ ሲያወራ አይደል የሄደው። ‹ልጄ ስብ ስትፍቅ ከርማ ምን ታይ? እኔን እየኝ ኮልማን፤ ስብ የለብኝም። እኔ ላይ ደንቆሮም ቢሆን ሁሉን ነገር ያገኛል። ከእኔ የተማረ ልጅ አይወድቅም› አለኝ።»

«ደንቆሮ አለኝ?»

«ብሎሻል። ምን ታደርጊዋለሽ፣ አፉ እንደዚያ ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም? ለምን አሾፈብኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔም ስስቅ ነበር» አለ ኮልማን፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ። «ያን ዕለት ከሄድሽ በኋላ ምሳውን አልጨረሰም።»

ደርቭላ እዚያው በሩን ተደግፋ ቆመች። ሰደበኝ ብላ የጠላችው ሰው፣ ሌላ የሚሰጣት ነገር ቢያጣ ያንን የከሳ ገላውን ነው የሰጠው፤ ለእሷ ባይሆን እንደ እሷ ለሚወድቁት። ይሂድ አለች በልቧ። ልክ እንዳለው ይሂድ።

ሳሎኑ ውስጥ አክስቷ ብቻ ነበረች። «አልደውልም። መኪናው ይመጣል» አለቻት።

አትራክታ መቁጠሪያዋን እየገፋች ዝም አለች። ዝምታው ደርቭላን ግር አላት፤ ይህች ሴት ለአንድ የአጥር እንጨት ጎረቤቷን ፍርድ ቤት ያመላለሰች ናት።

ደርቭላ አባቷን ልታየው ጎንበስ አለች። እስከ አሁን በቅጡ አላየችውም ነበር። ጉንጩ ሞልቷል። ፌስተስ ዕድሜውን ሙሉ ጉንጭ የሚባል ኖሮት አያውቅም። ፊቱ ቀላ ብሏል፣ እጁን ስትነካው እንደ ደረቀ ሰም ጠንክሯል። ለካ እንዴት አምሮበታል የሚሉት ለዚህ ነው! ከረባቱን ፈታች፣ የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፣ ኮሌታውን ገለጠች። በቀኝ በኩል፣ ከአንገቱ ሥር፣ ዱቄት የተለሰነበት አጭር ስፌት አለ።

«አክስቴ፣ ቲየርኒን ምን አልሽው?»

«እንደ ማንኛውም ክርስቲያን አሰናዳው አልኩት።»

«መድኃኒት ገብቶበታል።»

«አዎ፣ ገብቶበታል!» መቁጠሪያዋ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «አውቄ ነው ያስደረግኩት። እንደዚያ ከሆነ እንደማይወስዱት ስትነግሪኝ ሰምቻለሁ። አዝዬ ያሳደግሁትን ወንድሜን ጎረምሳ ሁሉ በቢላ ሲጫወትበት ከማይ፣ ሲኦል ልግባ! ቢላ ገላውን ሳይነካው አፈሩ ይገባል።»

«ነክቶታል።»

«ምን?»

«ቢላ ነክቶታል። መድኃኒቱ በምን የሚገባ መስሎሽ ነው?»

«ይቀቡታል እንጂ። ቆዳውን... ይቀቡታል።»

«ማንም አይቀባውም። እዚህ ጋ ይሰነጥቁታል። ደም ቅዳውን ጎትተው ያወጡና ቱቦ ይሰኩበታል፤ መድኃኒቱ በዚያ ይገባል። አጠገቡ ያለውን ደም መልስ ይከፍቱና ደሙን ያፈሱታል። የወንድምሽ ደም በቲየርኒ ማጠቢያ ነው የወረደው፣ ገባሽ? አንቺ ነሽ ያስቆረጥሽው!»

ደም ቅዳና ደም መልስ፤ ዘንድሮ አልተምታቱባትም። የተናገረችው አክስቷን እንዲያማት ብላ ነው፣ አመማትም። አትራክታ ቀለሟ ጠፋ። «እናታችንንም?» አለች። «እናታችንንም ቲየርኒ ነው ያሰናዳት። እናትሽንም።»

በዚህ ሰፈር አምሮበታል የተባለ ሬሳ ሁሉ እንደዚያው ነው።

ደርቭላ ኮሪደር ወጥታ ደወለች። «መድኃኒት ገብቶበታል» አለች። የኮሌጁ ሴትዮ አዝናለሁ አለቻት፣ ስላሰባችሁን እናመሰግናለን አለቻት። ደርቭላ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። የለም። እኛ ባንሆን ሌላ ኮሌጅም አይቀበለውም፣ አለች ሴትዮዋ በትሕትና። በቃ፣ ፌስተስ ኮረብታው ላይ ይቀበራል፤ ማንም ሳይማርበት። ደርቭላ ግድግዳውን በጡጫዋ መታችው። እጇን አመማት፣ ደግማ መታችው፣ ከዚያ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቷ አለቀሰች። ኩሽና ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

ስትመለስ አክስቷ ከሣጥኑ አጠገብ ቆማለች። ሁለት እጆቿን፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው፣ ከሬሳው አርቃ ይዛቸዋለች።

«አሳይኝ» አለች። «የቱ ጋ ነው? ዓይኔ ደህና አያይም።»

ልታሳያት ትችል ነበር። ፈልጋለችም። የአሮጊቷን ጣት ይዛ ስፌቱ ላይ ብታሳርፈው እልኋ ይወጣ ነበር። የሚቀጥሉት ለቀስተኞች ውጭ በሩ ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ ይሰማል።

«ተይው አክስቴ» አለች። «ቁጭ በይ።»

በአክስቷና በሣጥኑ መካከል ገባች። ኮሌታውን መለሰች፣ ቁልፉን ቆለፈች፣ ከረባቱን አስራ እስከ ላይ ሳበችው። ያነቀችው መሰላትና ደነገጠች። ሁለት ጣቶቿን በኮሌታውና በአንገቱ መሃል አስገብታ ላላ አደረገችለት።