ወንፈል ለአንድ እንስራ

እኔ ሀዲያ፣ የወረታው ጨርቅ ነጋዴ የአብዱረህማን ልጅ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ በማንኪያ አፈር ስጭር ያየኝ ሰው አበደች ቢል አልፈርድበትም። አባቴማ «ያለ ደሞዝ ቆፋሪ!» ይለኛል። ይበለኝ። የጥንት ቅርስ ፍለጋ ከምንቆፍረው በጎ ፈቃደኞች ሁሉ እንደኔ እጁ የተረጋጋ የለም፤ ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ጠዋት ጠዋት ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ትጥለናለች፤ ከዚያ በሩዝ ማሳዎቹ ድንበር ላይ በእግር ነው። አፈሩን በወንፊት እንነፋለን፣ የሸክላ ስባሪ እናጥባለን፣ ስለ ምሳ እንጨቃጨቃለን። የዚያን ሰሞን ግን ጨዋታ አልነበረም። ስባሪ ሳይሆን ሙሉ እንስራ አግኝቻለሁ። አንገቱ ብቅ ብሏል፣ ሆዱ ገና ዋልካው ውስጥ ነው። የቁፋሮው ኃላፊ ፍሬህይወት «ውሃ ከገባበት ይፈርሳል» ብላናለች።

ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጣለ። በማግስቱ የማሳው ባለቤት አያ አገኘሁ አካፋ ይዘው መጡ። ቦዩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ማሳቸው ለቀው የሩዝ ችግኝ ሊተክሉ ነው። ጉድጓዳችን ደግሞ እዚያው ማሳ ጥግ ላይ ነው።

«ክረምት እስኪገባ ቆፍሩ ነበር ያልኋችሁ፤ ይኸው ገባ» አሉ።

ፍሬህይወት ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። ልመና እንደማያዋጣ ገባኝና ተነሳሁ።

«አያ አገኘሁ፣ ወንፈል እንግባ። እርስዎ ዛሬን ለእኔ ይስጡኝ፣ ነገ እኔ ለእርስዎ ችግኝ እተክላለሁ።»

ሳቁብኝ። «የሱቅ ልጅ! ወገብሽ ይችለዋል?»

«ወላሂ እመጣለሁ!»

አካፋውን አስቀመጡ። «በይ እሽ፣ ቀኑ ያንች ነው።»

ከሰዓት በኋላ በጣና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ፍሬህይወት እንስራውን የማውጣቱን ሥራ ልምድ ላለው ባልደረባችን ለታደለ እንድለቅለት ጠየቀችኝ። «ያገኘሁት እኔ፣ የማወጣውም እኔ» አልኳት። እጄን ከእንስራው ሥር ሳስገባ ዝናቡ ወረደ። ቦዩ ሞልቶ ውሃው ወደ ጉድጓዳችን መፍሰስ ጀመረ። ያኔ ፈራሁ፤ የእውነት ፈራሁ።

ቀና ስል አያ አገኘሁ ቦዩ ላይ ናቸው። በአካፋቸው የቦዩን ማዶ ዳር ቀደው ውሃውን ወደ ጎረቤታቸው ወደ አንለይ ማሳ ይሰዱታል። ስንት ቀን ሲጠብቁት የከረሙትን ውሃ!

«ኧረ አያ! ነገ ምን ላይ ሊተክሉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አገባሽ! ቀኑ ያንች ነው ብያለሁ፤ አውጭው!»

አወጣሁት። ሙሉውን፣ ጆሮው እንኳ ሳይጎድል። እንስራውን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ከደስታዬ ይልቅ የሰውዬው ነገር ነው ያስለቀሰኝ።

ማሳው በቂ ውሃ ስላላገኘ ወንፈሉን ለመመለስ ሌላ ዝናብ መጠበቅ ነበረብኝ። ዝናቡ በመጣ ማግስት፣ አያ አገኘሁ ገና ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ማንም ሳይጠራኝ ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።