ስሟ ገና አልተሰረዘም

ዓሊማ ያን ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችውን የልብስ ሱቋን ዘግታ ወደ ወላጆች ስብሰባ ስትሄድ ደስ ብሏት ነበር። ልጇ ዩምና አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከዘመዶቻቸው እዚህ የደረሰ የለም። አባቷ ሙከሚል በከባድ መኪና ጅቡቲ እየተመላለሰ የሚለፋው፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አያለሁ ብሎ ነው። ይህንንም ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ቀናው ማይኩን ይዘው ረጅም ሪፖርት አነበቡ። «ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎቻችን ከመቶ ሁለት ብቻ ናቸው!» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ዓሊማም አጨበጨበች።

ለሻይ እረፍት ሲወጣ የዩምናን ክፍል ኃላፊ፣ መምህር ነቢዩን ፈልጋ አገኘችው።

«የዩምና እናት ነኝ። እንዴት ናት ልጄ፣ ትበረታለች?»

ወጣቱ መምህር ግራ ገባው። «ዩምና እኮ ከጥቅምት ወዲህ መጥታ አታውቅም። ትምህርት ቤት የቀየረች መስሎኝ ነበር።»

«ምን ማለት ነው? ትናንት ዩኒፎርሟን ተኩሼ የሰጠኋት እኔ ነኝ!»

«ደውለን ነበር፤ የተመዘገበው ስልክ አይሠራም።»

«ሱቄ እዚሁ አይደል እንዴ? አንድ ተማሪ ብትልኩብኝ ምን ነበረበት?»

መምህሩ ይቅርታ ብሎ ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ሰው ተመልሶ ሲቀመጥ ዓሊማ እጇን አወጣች። ማይኩን የሚያቀብላት ስታጣ ቆማ ጮኸች። «አቶ ቀናው፣ ከመቶ ሁለት ካሏቸው ውስጥ የእኔ ልጅ አለችበት?»

የልጇን ስም ጠየቋት። መድረኩ ጥግ የተቀመጠችው ጸሐፊ ኮምፒውተሩን ነካካችና «የለችበትም፤ ስሟ ገና አልተሰረዘም» አለች።

«እንግዲያው በመማር ላይ ናት» አሉ አቶ ቀናው።

«ከጥቅምት ጀምሮ እግሯ ግቢውን አልረገጠም እኮ!»

«አቋረጠች የሚባለው ስሟ ሲሰረዝ ነው፣ እናቴ። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

ከኋላ አንድ አባት ብድግ አለ። «ታዲያ የእኔም ልጅ ይማር አይማር በምን አውቃለሁ?» ሌላዋ እናት ተከተለች፤ አዳራሹ በጫጫታ ተሞላ። አቶ ቀናው ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያስገባ ብለው ስብሰባውን ዘጉት።

«ቱቶሪያል አለኝ» ብላ የወጣችው ዩምና አመሻሽ ላይ ገባች። የእናቷን ፊት ስታይ ነገሩ እንደታወቀ ገባት።

«ቂሊንጦ ነው የምውለው» አለች ሳትጠየቅ። «ልብስ ፋብሪካ። አስራ ስምንት ሞልቶኛል፤ ቀጠሩኝ።»

«ምን አጓደልኩብሽ?»

«ምንም። እማ፣ የጎረቤታችን ሳምራ እንዴት እንደምታጠና ታውቂ የለ? አምና ከክፍሏ አስራ ሁለተኛን ያለፈው አንድ ልጅ ነው። አንድ! እሷ አሁን ከእኔ አጠገብ ማሽን ላይ ናት። ይሄን ስብሰባው ላይ ነገሩሽ?»

አልነገሯትም። ዓሊማ ስትብሰለሰልበት የዋለችውን ቁጣ በማን ላይ እንደምታወርደው ጠፋት።

«ለእኔስ ለምን አትነግሪኝም?»

«አባዬ ለሰው ሁሉ ሲያወራ እየሰማሁ እንዴት ብዬ?»

ብዙ ተጨቃጨቁ፤ አለቀሱም። በመጨረሻ ዩምና «እሺ፣ እመለሳለሁ። ለአንቺ ስል ነው» አለች።

ሰኞ ጠዋት አብረው ሄዱ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየችና «ተሰርዛለች» አለች።

«ቅዳሜ ነበረች እኮ!»

«ይሄን ያህል የቀረ ተማሪ በመመሪያው ይሰረዛል። ለሚቀጥለው ዓመት ትመዝገብ።»

«መመሪያው ቅዳሜ የት ሄዶ ነበር?» ዓሊማ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። አቶ ቀናውን አቅርቡልኝ ብትል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች።

በሩ ላይ ዩምና ስልኳን አየች። «ለከሰዓቱ ፈረቃ እደርሳለሁ። ልሂድ፣ እማ?»

«እኔ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው የምሄደው። አንቺ እንደፈለግሽ» አለች ዓሊማ፤ መንገዷንም ጀመረች።

ዩምና ትንሽ ቆመችና ከኋላዋ ሮጣ ደረሰችባት። ወረዳው ላይ ኃላፊው ከምሳ በኋላ ነው የሚገቡት አሏቸው። በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር በባለጉዳይ ሞልቷል፤ ግድግዳውን ተደግፈው ጎን ለጎን ቆሙ።